ከመደቡ በላይ ያለችው ቀዳዳ

አናጢው ይሻው መልካሙን ገና ደብረ ታቦር ካለው የሥራ ቤቱ በር ላይ ሲያየው ነው ያወቀው። ስምንት ዓመት ሰውየውን አጠቆረው፣ ጉንጩን አጎደጎደው እንጂ አልለወጠውም። ይሻው ግን እንዳላወቀ ሰው ሆኖ፣ መላጊያውን ከሳንቃው ላይ ሳያነሳ፣ «እንዴት ዋልክ ወንድሜ? ምን ፈለግህ?» አለው።

መልካሙ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። «እንደምን ዋሉ አያ ይሻው። ረሱኝ መሰለኝ። ከገሳይ በላይ፣ ጉና ተራራ ሥር፣ ቤት ሠርተውልኝ ነበር።»

«አዎ… አዎ፣ መልካሙ። እንዴት ናችሁ? ቤቱስ እንዴት ነው?»

«ቤቱ ይበርዳል» አለ መልካሙ።

ሰው ስለ ቤቱ ሊያማርር ሲመጣ ወይ ይቆጣል ወይ በቀልድ ይጀምራል። መልካሙ ሁለቱንም አላደረገም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ፣ ሚስቱ ጥሩወርቅ እንደፀነሰች፣ ጤና ጣቢያ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ትወልጃለሽ እንዳሏት፣ ታኅሣሥ ደግሞ በእነሱ አገር ውርጩ ውኃ በእንስራ ውስጥ የሚያረጋበት ወር እንደሆነ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሌላ ሕፃን እዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ እንዳለ አላስገባም። ጣሪያውንም ግድግዳውንም ብርድ እንዳያሳልፍ አድርገው ይሥሩልኝ።»

«ሌላ ሕፃን» የሚለው ይሻው ጆሮ ውስጥ ቀረ።

የፊተኛዋን ሕፃን ነገር ያውቃል። ያን ቤት የሠራው መልካሙ አዲስ ሙሽራ ሳለ ነበር። የአባቱን የሣር ክዳን አፍርሶ ቆርቆሮ እንዲያለብስ የመከረውም እሱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሐሙሲት ላይ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ሥራ ይጠብቀው ስለነበር ግድግዳውን አንድ እጅ ብቻ መርጎ፣ ሁለተኛውን ምርጊት «ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወረደ። በዓመቱ ገሳይ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማ። መልካሙ የአሥራ አንድ ቀን ልጁን በውርጭ ሌሊት አጥቷል። ሴት ነበረች። ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጽድ ሥር ቀብረዋታል። ይሻው ያን ቀን ሊገዛ የመጣውን ሳይገዛ ተመለሰ። ብርድ ይሁን ሌላ በሽታ ማን ያውቃል፣ አለ ለራሱ። ለለቅሶ ግን አልሄደም። ከዚያ ወዲህ በገሳይ ባለፈ ቁጥር ከመኪናው ውስጥ ጉና ከማይታይበት መስኮት ጋር ነው የሚቀመጥ።

«በላይነህን ልላክልህ» አለ አሁን። «ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነው፤ ጉልበትም አለው።»

«የሠሩት አንቱ ነዎት» አለ መልካሙ። «የት የት እንደሚተነፍስ የሚያውቁት አንቱ ነዎት።»

ይሻው እምቢ ማለት አልሆነለትም። መንገዱ ግን ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ሳምንት አለፈ። ይሻው በልቡ እንደተዘጋ ቢቀር ደስ ባለው። በጥቅምት አጋማሽ ላይ ተከፈተ ሲባል መጋዙን፣ መዶሻውን፣ ቱምቢውንና አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ገሳይ ወረደና በእግሩ ሽቅብ ወጣ። ገብሱ ወደ መብሰሉ ነበር። ከፍ ሲል ድንች የተቆፈረበት ጥቁር መሬት፣ ከዚያም በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ። የመልካሙ ቤት የመጨረሻዋ ነበረች። ቆርቆሮዋ ዝጓል፤ ነፋስ እንዳይወስደው በየማዕዘኑ ድንጋይ ጭነውበታል።

ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበለችው። ሆዷ ገፍቷል፤ ጋቢዋን ደርባ፣ ከጋቢው ሥር ደግሞ የባሏን ኮት ለብሳ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ።

«እንኳን ደህና መጡ አያ ይሻው። ይግቡ፤ ውስጡ ከውጭ ይብሳል ግን» አለችና ፈገግ አለች።

እውነቷን ነው። ይሻው በሩን አልፎ ሲገባ ብርዱ ከወለሉ ተነሥቶ በሱሪው ውስጥ ወጣ። ጣሪያው ያለ ኮርኒስ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሌሊት የሰው ትንፋሽ እላዩ ላይ ይረጋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው መደቡ ላይ ይንጠባጠባል። በግድግዳው አናትና በቆርቆሮው መሃል ደግሞ ጭቃው ከዓመት ዓመት እየረገፈ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ዙሪያውን ይሄዳል። ይሻው እያንዳንዱን ሲያይ የራሱን ችኮላ ነበር የሚያነብበው። እዚህ ጋ ማገር ጎድሏል። እዚህ ጋ ጭቃው ጭድ ሳይበላ ተለጥፏል።

ማምሻውን ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጎ አሠራሩን አስረዳቸው። ከጣሪያው ወራጅ በታች ቀርከሃ ፈልጦ እንደ ወንፊት ያጋድማል። እላዩ ላይ ታጥቦ የደረቀ የበግ ፀጉርና የተቀጠቀጠ ጓሳ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ፣ ክንድ በሚያህል ውፍረት ይደረድራል። ከረጢቱ ቆርቆሮውን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ባዶ ይተዋል፤ ካለዚያ የቆርቆሮው ላብ ያበሰብሰዋል። ግድግዳውን ከውስጥ በኩል በሁለተኛ ማገር ያለብሰውና መሃሉን በገብስ ገለባ ይጠቀጥቀዋል፤ ከዚያ በጭድና በእበት የታሸ ጭቃ ሦስት እጅ ይመርገዋል። ምድጃው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ጭሱ በቱቦ ይወጣል።

«አይጥስ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ገለባው ውስጥ አመድ እበትናለሁ።»

«ጭሱ በርግጥ ይወጣል?»

«አንድም አይቀር።»

ይህን ሲላት ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ ወደ መደቡ አናት አየች። ይሻው ልብ አላለውም።

በማግስቱ መልካሙ ጓሳ ሊያጭድ ወደ ተራራው ወጣ። ይሻው መሰላል አቁሞ ወራጆቹን ሲለካ ዋለ። ጥሩወርቅ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ታፍታታለች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ከጉና ወረደ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ተንጫጫ። ከዚያ አንድ ሌላ ድምፅ መጣ።

ቀጭን ነበር። ገና ጡት መጥባት በደንብ ያልለመደ፣ አፉን ከፍቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሕፃን ድምፅ። ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆረጠ። እንደገና ወጣ። ይሻው ሜትሩ በእጁ እንዳለ ደረቀ። የመንደሩ ሕፃን ይሆን ብሎ ወደ በሩ አየ፤ ከዚህ ቤት በላይ ቤት የለም፣ የታችኛውም ጎረቤት ሩቅ ነው። ወደ ጥሩወርቅ ሲያይ እጇ በፀጉሩ ውስጥ ቆሟል። ቀና አላለችም፤ አልደነገጠችም። ድምፁ እስኪያበቃ እንደ ጸሎት አቀርቅራ ቆየችና ማፍታታቷን ቀጠለች።

ይሻው ወደ ወራጁ ተመለሰ። ያን ቀን ሚስማር ሲመታ ሁለቴ ጣቱን መታ።

ማደሪያው ከታች የመልካሙ አጎት የይርጋ ቤት ነበር፤ አሮጌ የሣር ክዳን፣ ሙቀቱ እንደ በግ ሆድ። ሽማግሌው ራት ላይ፣ «ቤቱ ያለቅሳል ይላሉ እኮ፤ ሰሙ?» አሉት። ይሻው ነፋስ ነው አለ። ይርጋ እንጀራቸውን እየቆረሱ፣ «ነፋስስ ነፋስ ነው። ግን የሰባት ቤት ቆርቆሮ አለ በዚህ ተረተር ላይ፤ የሚያለቅስ እሱ ብቻ» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ይሻው ሥራውን ከድምፁ ጀመረ። ነፋሱ ሲመጣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ከበሩ በላይ ካለው ክፍተት መሰለውና ጓሳ ጠቅልሎ በጭቃ ወተፈው። ድምፁ ወደ ጓዳው ዞረ። ጓዳውን ወተፈ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄደ። ከማገር ወደ ማገር እየተከተለ፣ ላቡ በዚያ ብርድ ጀርባው ላይ እየፈሰሰ፣ የሚሸሽ ልጅ እንደሚያባርር ሰው ዋለ። ምሽት ላይ የቤቱ ዙሪያ ክፍተት በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ድምፁ ግን አልደከመም፤ እንዲያውም መሸሻው ጠብቦት ከፍ አለ።

በሦስተኛው ቀን ጧፍ ለኮሰና ነበልባሉ ወዴት እንደሚያዘነብል እያየ ግድግዳውን ዳሰሰ። ከመደቡ በላይ፣ በሰሜኑ ማዕዘን፣ ከወለሉ የሰው ቁመትና ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ነበልባሉ ተጋድሞ ጠፋ። ይሻው እጁን ሰደደ። ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ናት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጠርዟ ልስልስ ነው። በእንጨት የተበሳች እንጂ በመፍረስ የመጣች አይደለችም።

ያን ጊዜ አስታወሳት። ጣሪያውን ሲመታ የቆመበትን መረማመጃ የደገፈው እንጨት ነው እዚያ የገባው። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱን ነቀለው። አስፋልቱ ላይ ሊወስደው የቆመው መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ሲነፋ በዚያ ዝምታ ውስጥ እስከዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ጭብጥ ጭቃ ነበር የሚበቃት። እጁን ታጥቦ ስለነበር ዳግመኛ ለማቆሸሽ ሰነፈ።

ከመሰላሉ ወርዶ ጭቃ ሲያነሣ ጥሩወርቅ ከኋላው ቆማለች።

«አያ ይሻው፣ እሷን ይተዉልኝ።»

«ምኗን?»

«ያቺን ቀዳዳ። ሌላውን ሁሉ ይድፈኑት። እሷን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ጥሩወርቅ፣ መደብሽ እኮ ከሥሯ ነው። የምትወልጂው ልጅ የሚተኛው እዚሁ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከደፈኗት የት ትሄዳለች?»

ይሻው ጭቃውን በእጁ እንደያዘ መሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጭቃው በጣቶቹ መሃል እየሾለከ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀዳዳዋን የተዋት እሱ እንደሆነ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀደመችው። እግሯ አልያዛት ብሎ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እያየችው ሳይሆን ወደ ግድግዳው እያየች ተናገረች።

«ያን ዕለት እርጥብ እንጨት ነበር ያነደድን። ቤቱ በጭስ ታፈነ። ልጅቱ ትስላለች፤ ፊቷ ይጠቁራል። ቀዳዳዋን መልካሙ በአሮጌ ነጠላ ወትፎልኝ ነበር። ጭሱ ይውጣ ብዬ ነጠላውን እኔው ሳብኩት። ቆይቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። አራስ ነበርኩ፣ ድካም አለ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ነግቷል። ነጠላው እጄ ላይ ነው። ልጄ ደርቃለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መልካሙ ሳይነቃ ተነሥቼ መልሼ ወተፍኩት። ከዚያ ስጮህ ነው የነቃ። በሰባተኛው ቀን ነጠላውን አውጥቼ አቃጠልኩት። በዚያው ቀን ማልቀስ ጀመረች። እኔ የከፈትኩላትን በር እኔው ልዝጋባት?»

«የቱ ነጠላ?» አለ አንድ ድምፅ።

መልካሙ በሩ ላይ ቆሟል። የጓሳው ሸክም ገና ትከሻው ላይ ነው። ምን ያህል እንደሰማ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ጥሩወርቅ አልደበቀችም። «ያ ያንተ ነጠላ» አለችው። «እኔ ነኝ የሳብኩት።»

መልካሙ ሸክሙን በሩ ላይ ጣለው። ተመልሶ ወጣ። በገብሱ መሃል ባለችው መንገድ፣ ሳይሮጥ፣ ቁልቁል ሲሄድ ከበሩ ይታያል።

ይሻው ጥሩወርቅን ብቻዋን መተው ፈርቶ ጥቂት ቆየ። «ይሂዱ፤ እኔ ምንም አልሆንም» አለችው። ተከትሎት ሲደርስ መልካሙ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ ሣር የበላት ትንሽ የመሬት እብጠት አለች፤ ለማያውቅ ሰው ፍልፈል የቆለለው አፈር ትመስላለች። ይሻው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«መልካሙ፣ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። ያቺን ቀዳዳ—»

«አውቃለሁ» አለ መልካሙ ሳይዞር።

«ምኑን?»

«እንጨቱን ነቅለው ‹በኋላ በጭቃ ድፈኗት› ብለው ሲሄዱ አጠገብዎ ቆሜ ነበር እኮ። እኔም ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ በነጠላ ወተፍኳት።» አሁን ዞረ። «ደብረ ታቦር ላይ አናጢ ጠፍቶ መሰለዎት አንቱን የፈለግሁ? ይኸን ሁሉ ዓመት በእግርዎ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ለለቅሶ እንኳ አልመጡም።»

ይሻው የሚያቀርበው ምክንያት በአፉ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም እንደ ገለባ ቀለለበት። «ሰማሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰማሁና አፈርኩ። ከማፈር ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

መልካሙ ወደ እብጠቷ መልሶ ዞረ። ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር። «የእሷን ግን አላወቅሁም አያ ይሻው። ነጠላው ሳስቶ፣ በደንብ ሳልወትፈው ቀርቼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ ነው የኖርኩ። እሷም ለካ እንደዚያው ስትል ነው የኖረች። አንድ መደብ ላይ እየተኛን።»

አብረው ተመለሱ። ጥሩወርቅ ካለችበት አልተነሣችም። መልካሙ ከጎኗ ተቀምጦ፣ እጇን ሊይዝ ፈልጎ በይሻው ፊት አፈረና የኮቷን እጅጌ ያዘ።

«ስም አውጥተሽላት ነበር?» አላት።

ጥሩወርቅ ወደ ቀዳዳዋ ቀና አለች። «አስረበብ» አለች። «ለራሴ ነው ያልኳት። ለቄሱም ለማንም አልተናገርኩም።»

«አስረበብ» አለ መልካሙ። ሁለተኛም ብሎ ቀመሰው።

ከዚያ በኋላ ቀዳዳዋ ትደፈን ወይስ ትተው ብሎ የተከራከረ የለም። ጥሩወርቅ ራሷ ነች የወሰነች። ነገ ነፋሱ ሲመጣ አንድ ጊዜ ልስማትና ከዚያ እደፍናታለሁ አለች። እኔ እንጂ ሌላ ሰው አይደፍናትም፣ አለች።

በማግስቱ ይሻው ኮርኒሱን ሲደረድር አረፈደ። ጣሪያው በከረጢት ሲሸፈን ቤቱ ውስጥ ንግግር ሁሉ ቀረበ፤ ሰው ሲያስነጥስ ድምፁ እዚያው ይሞታል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን አቆመ። ሦስቱም መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጥሩወርቅ ጓሳ በጭቃ ነክራ፣ ጡጫ አሳክላ ጠቅልላ፣ በጭኗ ላይ ይዛዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋስ አልመጣም።

በሩ ተከፍቷል። ውጭ የገብሱ ዘለላ አይንቀሳቀስም። ከታች ከይርጋ ቤት የሚወጣው ጭስ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ሰማይ ይገባል። ይሻው በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። መልካሙ ተነሥቶ ደጅ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ጉና አድርጎ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሣ። ተመልሶ ገባና ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ የለም» አለ።

ይህን እንዳለ ነው ድምፁ የመጣ።

ቀዳዳዋ በላያቸው ናት፤ ድምፁ ግን ከቀዳዳዋ ይሁን ከመደቡ ይሁን ይሻው እስከ ዛሬ ለይቶ መናገር አይችልም። ቅርብ ነበር። ነፋስ ሲያወጣው የነበረው ፉጨት የሚመስል ጠርዝ አልነበረውም፤ እርጥብ ነበር፣ ትንፋሽ ነበረው። አንድ ጊዜ አለቀሰ። ቆመ። ሁለተኛ አለቀሰ፤ ይኼኛው አጠር ያለ ነው። ሦስተኛው ለቅሶ እንኳ አልነበረም፤ ሕፃን ጠግቦ ጡት ሲለቅ የሚያሰማው ዓይነት። ውጭ ጭሱ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መልካሙ አማተበ። ይሻውም ሊያማትብ እጁን አነሣና ጭቃ መሆኑን አይቶ መልሶ አወረደው። ጥሩወርቅ ብቻ አልፈራችም። ተነሣች፤ መደቡ ላይ ወጣች። መልካሙ ከኋላ ወገቧን ደገፈ። ጥቅሉን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግታ፣ ከመክተቷ በፊት አፏን አቅርባ የሆነ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልሰሙም። ከዚያ በመዳፏ ገፋችው፤ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን እየጠቀጠቀች አጠበቀችው። ስትጨርስ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር።

«ይምረጉት» አለችው ይሻውን።

ይሻው መረገው። አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ እጅ። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው በሙሉ አለቀ፤ የትኛው ቦታ ቀዳዳ እንደነበረ አይለይም። ከዚያ በኋላ ነፋሱ መጣ፣ ቆርቆሮውንም አንጫጫው፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሲሰነባበቱ ጥሩወርቅ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ዘመድ ጉንጩን ሳመችው።

መልካሙ በታኅሣሥ አምስት ደወለ። ስልኩ ይቆራረጣል። ወንድ ልጅ ነው፣ ደህና ነች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ውርጩ ሜዳውን እንደ ጨው አልብሶታል፣ ቤቱ ግን ሌሊት ጋቢ ያስጥላል። ይሻው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ መላጊያውን ይዞ ቆመ። ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው የሰው ልጅ ተወለደ አላት።

በአርባው ቀን ለክርስትናው ተጠርቶ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ይርጋ ከግድግዳው ጋር ተጠግተው፣ እየዳሰሱ፣ «እንደ ሣር ቤት ሆነ እኮ» ይላሉ። ሕፃኑ መደቡ ላይ እግሩን ከጨርቁ አውጥቶ ያንፈራግጣል። ይሻው ሊሸፍነው ጎንበስ ሲል እግሩን ነካው። ሞቃት ነበር።

ሰው ሲቀንስ ጥሩወርቅ ጠጋ አለችው። ፊቷ ሞልቷል፤ ከዓይኗ ሥር ግን ጥላ አለ።

«ይተኛል» አለችው። «ሌሊቱን በሙሉ ይተኛል። እኔ ነኝ የማልተኛ።»

«ለምን?»

«ቤቱ ዝም አለ አያ ይሻው። ደግ አደረጉ፤ እኔም ደግ አደረግሁ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ይቆማል። እጠብቃለሁ። ምንም የለም።» ሕፃኑን አንሥታ ታቀፈችው። «ከሰማሁ እፈራለሁ፤ ካልሰማሁም እፈራለሁ።»

ይሻውም በየሥራው ቦታ በዚያች ሰዓት መዶሻውን እንደሚያስቀምጥ ሊነግራት አሰበና፣ ምን ይጠቅማታል ብሎ ተወው።

መልካሙ እስከ መንገዱ ሸኘው። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሲያልፉ ይሻው ቆመ። ከጽዱ ሥር ያለችው እብጠት ጓሳ ለብሳለች። በጥድፊያ የተጣለ ሣር አይደለም፤ ከሥር ወደ ላይ እየተደራረበ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው በልጥ እየታሰረ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተይዟል።

«እሷ ናት» አለ መልካሙ። «ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት ከጣሪያው የተረፈውን ጓሳ ተሸክማ ወረደች። ተይ ብላት፣ አልሰማችኝም። ቄሱም አይተው ዝም አሉ።»

ይሻው ባርኔጣውን አወለቀ። ነፋሱ ከጉና መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ጽዱ ዋዠቀ፣ የሜዳው ሣር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጋደመ። የመቃብሩ ጓሳ ግን አልተነሣም። ሁለቱ ወንዶች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«መኪናው እንዳያመልጥዎ» አለ መልካሙ ከቆይታ በኋላ።

ተሰነባብተው ይሻው ወደ ገሳይ መውረድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ያስተዋለው፤ ድንጋዩን እየመረጠ፣ ሕፃን በተኛበት ቤት ውስጥ እንደሚሄድ ሰው፣ እግሩን አለስልሶ ነበር የሚረግጥ።